ኮሮላዬ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ትልና ዝም ትላለች፤ ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ ግዛ ተብያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ የ1999 እ.ኤ.አ. ስሪት፣ ሞተሯ 1.6። ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን መንገድ ላይ አላዋረደችኝም። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ግን ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች ይበራሉ፣ ሬዲዮው ያወራል፣ ከኮፈኑ ስር አንድ ጊዜ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም። አምስት ስድስት ጊዜ ስሞክር ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች። ማታ ከሥራ ስወጣም እንደዚያው ናት፤ አንዳንዴ በአንድ ቁልፍ፣ አንዳንዴ በአሥረኛው።

የሰፈራችን መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ባትሪ ነው አለኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ሳስበው ያመኛል። ሁለት ቀን በሰላም ተነሳች፤ በሦስተኛው ቀን ያው «ቀጭ»። ተመልሼ ስሄድ የነዳጅ ፓምፑ ደክሟልና ይቀየር አለኝ። ነገ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ልወርድ ነው። ከመውረዴ በፊት የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።

ይህን የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነበር። እስከ እሁድ ድረስ የመልሶቹ ክር ረዝሞ ረዝሞ ስለ ጣሊያንኛና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መጨቃጨቂያ ሆነ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም አንብቦ እንዳይደክም መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። ስድብ ያለበትን ደግሞ አለስልሼዋለሁ።

መልስ 1፣ 2 እና 3። የመጀመሪያው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደረሰኝ። ሰውየው ባትሪ እንድቀይር መከረኝ። ሁለተኛው፣ ባትሪ መቀየሬን መጻፌን በትህትና አስታወሰው። ሦስተኛው ያለ ትህትና አስታወሰው።

መልስ 4። ለእኔ ክሩ የጀመረው እዚህ ነው። ጸሐፊው ለብዙ ዓመት ጋራዥ የሠራ፣ አሁን ግን እጁን ታጥቦ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ችግሩ ከመኪናዬ በፊት ከአነጋገራችን እንደሚጀምር ነገረኝ። መኪናዬ አልነሳ አለች ስንል ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንዱ ሞተሩ ጨርሶ አለመዞሩ ነው። ሌላው ሞተሩ እር እር እር እያለ እየዞረ አለመያዙ ነው። ደንበኛው መጥቶ አልነሳም አለኝ ይላል፣ መካኒኩም የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ ዕቃ መቀየር ይጀምራል።

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው ማለት ነው፤ ባትሪ፣ ሞርሴቶ (ገመዱን ባትሪው ላይ የሚይዘው)፣ ካቦ (ወፍራሙ ገመድ)፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር)። ነዳጅና ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠው) ገና ተራቸው አልደረሰም። ታንኩ ባዶ ቢሆን እንኳ ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል። እየዞረ የማይይዝ ከሆነ ግን ባትሪውን ትተህ ነዳጅና እሳት ትፈልጋለህ። ስለዚህ አንዴ ቀጭ ብላ ዝም የምትል መኪና ላይ የነዳጅ ፓምፕ መቀየር፣ ጥርሱን ያመመውን ሰው መነጽር እንደማልበስ ነው ባይ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ባትሪው ግዢ አስታወስኩና ሳቄን አቆምኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ድምፁ አንድ ጊዜ ነው ወይስ እየተደጋገመ ቀጭቀጭቀጭቀጭ ይላል? የሚደጋገም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞርሴቶው በደንብ አልያዘም።

መልስ 5 የእኔ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ጻፍኩ። ሶማሌ ተራ መውረዱንም ሰረዝኩ።

መልስ 6። እዚህ ላይ አንድ አባት ገቡ። በላዳ ታክሲ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ለጥያቄዬ የሚሆን ነገር ብዙም የለውም። ግን ከክሩ ሁሉ ደስ ብሎኝ ያነበብኩት እሱን ነው። በእሳቸው ጊዜ መኪና አልነሳ ሲል የሚጠረጠሩት ጥቂት ነበሩ። ፑንቲና (ለካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው መገናኛ) ይቃጠላል፣ በአሸዋ ወረቀት ይፈገፈጋል። ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪኩን የሚያሳድገው) ይግላል፣ እርጥብ ጨርቅ ይደረግበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ይወለቅና በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ የሚጠቁረው ለምን እንደሆነም አብራርተዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የማይመጥን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። የተረፈው ቤንዚን ጥላሸት ይሆናል።

ሁሉም ሲያቅት የላዳዋ ሞተር ከፊት ለፊት በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞር ብረት፣ ይዞር ነበር። ማኖቬላው ክንዱን የሰበረው ጓደኛ እንዳላቸውም ጠቅሰዋል። ማኖቬላ ከሌለ መፍትሔው ቁልቁለት ነው። ማታ ሲገቡ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙረው ነበር የሚያቆሟት። ለእኔም የመከሩኝ ይህንኑ ነው። ቁልቁለት ላይ አቁሜ፣ ሁለት ጎረምሳ ጠርቼ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እንዲገፉኝ።

መልስ 7። ይሄኛው ትንሽ ሻከር ያለ ነው። የዚያን ዘመን ኮሮላ አውቶማቲክም ሊሆን ስለሚችል፣ አውቶማቲክ መኪና ደግሞ በግፊያ ስለማይነሳ፣ ሰው ሳይጠይቁ ምክር እንዳይሰጥ ጻፈ። ምክንያቱን ግን በደንብ አስቀምጦታል። ማንዋል መኪና ላይ ጎማውና ሞተሩ በፍሪሲዮን (በክላቹ) ይያያዛሉ፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩን ይዞት ይዞራል። አውቶማቲክ ላይ መሃል ያለው ዘይት ነው። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ ነው። ሞተሩ ካልተነሳ የዘይት ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎማውን ከሞተሩ ጋር አያያይዝም። እስከ ቃሊቲ ቢገፉህ አትነሳም።

መልስ 8። አባታችን ተመልሰው፣ ጥያቄው ላይ አውቶማቲክ የሚል ቃል እንዳላዩ በጨዋ ደንብ ጻፉ። እውነታቸውን ነው። የኔ ኮሮላ አውቶማቲክ ናት፤ መጻፍ የረሳሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መልስ 7ም እሳቸውን ይቅርታ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር፤ አልጠየቀም።

መልስ 9። ከሚኒሶታ። እዚያ ክረምት ላይ መኪና ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ባትሪ ከኃይሉ ግማሽ ያህሉን ያጣል። የሞተር ዘይቱ ደግሞ ይወፍራል። ስለዚህ ማታ መኪናቸውን እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ሰክተው ሞተሩን እያሞቁ የሚያሳድሩ አሉ። አዲስ አበባ ብርድ ቢባልም እዚያ ደረጃ ስለማይደርስ ባትሪዬን በብርድ እንዳልጠረጥር ነገረኝ።

ከዚያ ልኬቶቹን ሰጠን፤ ክሩን የምታስቀምጡ ሰዎች እነዚህን ያዙ። መኪናው አድሮ ጠዋት ሳይነካ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ቮልቱ መውረዱ ያለ ነው፤ ግን ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ታሟል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። ቴስተር ባትሪ ከመግዛት ይረክሳል። ይህን የመጨረሻውን ባይጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 10። እዚህ ላይ መንገድ ሳትን። የሚኒሶታው ልጅ ሙሉውን በስታርተር፣ በአልተርኔተር፣ በስፓርክ ፕለግ ስለጻፈ አንዱ ተቆጣ። ሶማሌ ተራ ወርዶ ስታርተር ስጡኝ የሚል ሰው ዋጋው እጥፍ እንደሚሆንበት አስጠነቀቀ። ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካንዴላ የሚሉ ያገራችን ቃላት እያሉ ምን ፈረንጅ ያደርጋችኋል አለ።

መልስ 11። ይሄ ደግሞ አልቻለም። ያገራችን የተባሉት ቃላት በሙሉ የጣሊያን መሆናቸውን አስረዳ። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞርሴቶ፣ ጎሚስታ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ መካኒኮቹና ቃላቸው ቀሩ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት መሆኑንም ጨመረ። ስለዚህ አንዱን የፈረንጅ ቃል በሌላ የፈረንጅ ቃል መከላከል እንደማያዋጣ ነገረው።

ክርክሩ እስከ መልስ 14 ሄደ። ፍሬኑም፣ ክሪኩም፣ ፓስታውም ተነሳ። አልደግመውም። የኔ ሐሳብ ግን መልስ 10 ትክክል ነው። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ ሦስት ትውልድ ጋራዥ ውስጥ በግራሶ ተለውሷል። የኛ ሆኗል።

መልስ 15። ከሻርጃ። ሹፌር ነው። ባትሪን የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ሙቀት መሆኑን ጻፈ። እዚያ በበጋ ኮፈኑ ስር እንደ ምድጃ ስለሚግል ባትሪ ሁለት ዓመት ከቆየ ይመሰገናል። ሙቀቱ ውስጥ ውስጡን ይጨርሰዋል፤ ብርዱ ሲመጣ ያለቀውን ነው የሚያጋልጠው። ከዚያ ስለ ኪራይ ዋጋ ማውራት ጀመረ፤ ናፍቆት ይዞት መሰለኝ።

መልስ 16። ሁላችሁም ይህን አንብቡ። ጸሐፊዋ ሐዋሳ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ እህታችን ናት። በስተማታ፣ ሥራ ጨርሳ ነው የጻፈችው።

በመጀመሪያ ከቤት የሚሠራ፣ ሳንቲም የማያስወጣ ፈተና ሰጠችኝ። ሲመሽ የፊት መብራቱን አብራ፣ መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁም፣ አንድ ሰው ግድግዳውን ይመልከት፣ አንተ ቁልፉን አዙር። ቀጭ ሲል መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ጉልበቱ አልደረሰም፤ ባትሪውን፣ ሞርሴቶውን፣ ካቦውን ተመልከት። ሞርሴቶው ላይ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ፍታና በሙቅ ውሃ እጠበው፣ አድርቀህ አጥብቀው። ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የቁልፉን ስዊች፣ አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹ ላይ ያለውን ስዊች ትፈትሻለህ። በፒ (በማቆሚያው) አልነሳ ብላ በኤን (በነጻው ማርሽ) ከተነሳች ጥፋቱ እሱ ነው። ሦስተኛው፣ ቀጭ ብሎ መብራቱ ንቅንቅ ካላለ፣ ትልቁ ጉልበት ከባትሪው ከነጭራሹ አልተጠየቀም። ችግሩ ሞተሪኖው ውስጥ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆንም ጻፈች። ቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሶሌኖይድ የሚባለውን ያነቃዋል። ሶሌኖይዱ አንድ ዘንግ ይስባል። ዘንጉ ሁለት ሥራ አለው፤ የሞተሪኖውን ጥርስ ከሞተሩ ትልቅ ጥርስ ጋር ያገናኛል፣ ጫፉ ላይ ባለው የመዳብ ክብ ደግሞ ሁለት መዳቦችን ያገናኛል። ከባትሪው በወፍራሙ ካቦ የሚመጣው ትልቁ ጉልበት የሚያልፈው በእነዚያ ሁለት መዳቦች ነው። በተነሳች ቁጥር እሳት ይረጫል፣ መዳቡ ትንሽ ይበላል። በዓመታት ይሳሳል፤ አንደኛው ከሌላው ይብሳል። አንድ ቀን ዘንጉ ይሳባል፣ ቀጭ ይላል፣ ግን መዳቡ ጋ አይደርስም። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ይህ ያለ፣ የታወቀ ነገር ነው። መዳቦቹን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ትንሽ ዕቃ ናቸው።

መልስ 17። አንድ መለዋወጫ ነጋዴ፣ ሰው መኪናውን ሳያይ ሐዋሳ ተቀምጦ በሽታ እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቀ። ክረምት ላይ ነዳጅ ውስጥ ውሃ እየገባ ስንት ፓምፕ እንደተበላሸ እሱ እንደሚያውቅ ጻፈ። ይህ ባልከፋ። ቀጥሎ ግን የሴት ሥራ ምን እንደሆነ ሊያስታውሳት ሞከረ።

መልስ 18፣ 19 እና 20 ይህን ሰው ያዙት። የላዳው አባታችን በጣም ነው የተቆጡት። የራሳቸው ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር መሆኗን ገለጹና ነጋዴው እንዲያፍር ነገሩት። መልስ 20 የጻፈውን አላወጣውም።

መልስ 21 ራሷ ናት። ስድቡን ሳታነሳ አለፈችው። ነዳጅ ውስጥ ውሃ መግባቱ እውነት እንደሆነ ተቀበለች። ግን ውሃ የጠጣ ሞተር እየዞረ ይንፈራገጣል እንጂ መዞር አይከለከልም። ይህ መልስ ለነጋዴው የበቃው ይመስለኛል፤ ከእሱ በኋላ ዳግም አልጻፈም።

መልስ 22 የእኔ። ሐሙስ ማታ መብራት ጠፍቶ ግቢው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር፤ ለፈተናው እንዲህ ያለ ማታ አይገኝም። ባለቤቴን ነጠላዋን እንደለበሰች አጥሩ ጋ አቆምኳት። ከጎረቤት ቴስተር ተዋስኩ። ቁልፉን ሳላዞር 12.6። መብራቱን አብርቼ ቁልፉን ሳዞር ቀጭ። ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ምን እንድታይ እንደፈለግኩ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልታየኝም አለች። እኔም የምፈልገው ያንን ነበር። ቴስተሩም ቀጭ በሚልበት ቅጽበት ምንም ያህል አልወረደም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ውድ ባትሪ አዘንኩለት።

መልስ 23። አንዱ ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ኮርኮም እንዳደርገው መከረኝ። እሱ በዚህ ዘዴ ስድስት ወር ነድቷል። ሚስቱ ቁልፍ ታዞራለች፣ እሱ ይኮረኩማል። መልስ 24 ዘዴው ለጊዜው እንደሚሠራ አመነ። ካርቦኑ (ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው) ያለቀ ወይም የተጣበቀ ሞተሪኖ ሲመታ ይነቃል። ግን የመጨረሻው ቀን ደርሷል ማለት ነው እንጂ ድኗል ማለት አይደለም። ሁለት ነገርም አስጠነቀቀ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ፤ ሁለተኛ፣ የሞተሪኖውን ሁለት ጫፍ በካቻቪቴ የሚያገናኙ ሰዎች መኪናው ማርሽ ውስጥ አለመሆኑንና የእጅ ፍሬኑ መያዙን ሳያዩ እንዳይነኩ። ከኮፈኑ ፊት ቆሞ የራሱ መኪና የሄደበት ሰው አይቷል።

መልስ 25። እዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ወዳጆች ገቡ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እያንዳንዱ ክር ላይ መግባታቸው አይቀርም። ሰውየው ሞተሪኖ የሚባል ነገር ከሕይወቱ መውጣቱን፣ እኛም በፑንቲናና በካንዴላ ስንንገላታ ማየት እንደሚያሳዝነው ጻፈ።

መልስ 26 ግን ራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ነው። ባለፈው ወር ከክፍለ ሀገር ሲመለስ መኪናው በሩን እንኳ አልከፍት ብሎት ነበር። ዋናው ትልቁ ባትሪ ሰባ በመቶ ሞልቷል። የሞተችው እንደ ማንኛውም መኪና ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ኮምፒውተሩን የምታነቃውም፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ስዊች የምትዘጋውም እሷ ናት። በመጨረሻ ያዳነው የጎረቤቱ አሮጌ ፒክአፕና አንድ ጥንድ ካቦ ነው። መልስ 27 የላዳው አባታችን ናቸው፤ ሳቅ ብቻ ነው የጻፉት። ሦስት መስመር ሙሉ።

መልስ 28። ከቨርጂኒያ። ቁልፉ ውስጥ ያለው ቺፕ ሳይነበብ ሲቀር መኪናው እንደማይነሳ፣ የእሱ በትርፍ ቁልፍ እንደተነሳ ነገረኝ። ጥሩ ምክር ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት እያብለጨለጨ ሞተሩ እየዞረ ለማይይዝበት ሰው ይጠቅማል። የኔ ግን አይዞርም። መልስ 4ን ሳያነብ ነው የጻፈው። በዚህ ክር ላይ መልስ 4ን ሳያነቡ የጻፉትን ቆጥሬያቸው ነበር፤ ተውኩት።

መልስ 29 የእኔ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ወደ ሌላ መካኒክ ሄድኩ። ገና ስደርስ ምን ሆነ ሲለኝ አልነሳ አለች አላልኩትም። አንድ ጊዜ ቀጭ ይላል፣ መብራቱ አይደበዝዝም፣ ሞተሩ አይዞርም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና መካኒክ ነህ እንዴ አለኝ። ሞተሪኖውን ከማውረዱ በፊት የባትሪውን ገመድ ፈታ። ሶሌኖይዱን ሲከፍተው ሁለቱን መዳቦች መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አንደኛው ደህና ነው። ሌላው ጫፉ ተበልቶ እንደ አሮጌ ሳንቲም ስስ ሆኗል። የዘንጉ መዳብም በአንድ ወገን ጠቁሯል። መዳቦቹን ከነዘንጉ ከሶማሌ ተራ አስመጣ፤ በእጅ የሚጨበጥ ትንሽ ፌስታል ውስጥ ነው የመጡት። ካርቦኖቹን አየና ገና ናቸው ብሎ መልሶ ገጠመው። አሁን በአንድ ቁልፍ ነው።

አዲሱ ባትሪ ሲገባ ሁለት ቀን በሰላም የተነሳችው ለምን እንደሆነ እህታችንን ጠየቅኳት። መልስ 30 ላይ፣ የዘንጉ ክብ መዳብ ቦታው ላይ ስለሚሽከረከር አንዳንዴ ያልተበላው ወገኑ መዳቡ ላይ እንደሚያርፍ ጻፈችልኝ። በአምስተኛው ሙከራ ትነሳ የነበረውም ለዚህ ነው። ባትሪው በተቀየረ ማግሥት ያ ዕድል ደረሰ፤ ምስጋናውን ባትሪው ወሰደ።

መልስ 31 እና 32 መዳብ ብቻ ከመቀየር ያገለገለ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት ይሻላል በሚለው ተጨቃጨቁ። እኔ ያገለገለውን አልገዛም። የሌላ ሰው የተበላ መዳብ ለምን እገዛለሁ?

መልስ 33። የመጨረሻው፣ እሁድ ጠዋት። መልስ 4 የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። እንኳን ደስ አለህ ካለኝ በኋላ፣ ደህና ሆኖ ሳለ የተቀየረው አሮጌው ባትሪ የት እንደደረሰ ጠየቀኝ።

እውነቴን ነው፣ ረስቼው ነበር። አዲሱ ሲገባ አሮጌውን እዚያው ለመካኒኩ ትቼለት ሄጃለሁ። ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብዬ ጠየቅኩት። ምንም ሳያፍር ነገረኝ፤ ለጎረቤቴ ቪትዝ ሸጦታል። ለካ በየጠዋቱ ከአጥር ማዶ በአንድ ቁልፍ ስትነሳ የምሰማት እሷ ናት።